የጥንት የዕፅዋት መጻሕፍትን ሥዕል እንዴት እናንብብ? ከሥሩ እስከ አበባው

ቪየና በሚገኘው የኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ አለ። በ512 አካባቢ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ለአኒኪያ ዩሊያና የተዘጋጀ ነው። እሷ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጽሐፉ ዋና ክፍል ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የጻፈው ነው።

መግቢያው ላይ ተቀራርበው የተቀመጡ ሁለት ሥዕሎች አሉ። በአንደኛው አንዲት ሴት ሰው የሚመስል ሥር ለዲዮስቆሪደስ ታቀብለዋለች። ስሟ «ግኝት» ነው። አጠገቧ አንድ ውሻ እየሞተ ነው። በሌላኛው ሥዕል «ማስተዋል» የተባለች ሴት ያንኑ ሥር ይዛ ቆማለች። ሠዓሊው ሥሩን እያየ ይሥላል፤ ዲዮስቆሪደስ ደግሞ ይጽፋል።

የሚሞተው ውሻ ከአፈ ታሪክ የመጣ ነው። ሠዓሊው ግን ተክሉን በዓይኑ እያየ ነው። ሁለቱ ያለ ምንም ጠብ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይኖራሉ። የጥንት የዕፅዋት ሥዕሎች በሙሉ እንዲህ ናቸው። ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው፣ እጅ ከሌላ ሥዕል የቀዳው በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅሎ ይገኛል። «ይህ አበባ ምን ማለት ነው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት ሦስቱን መለየት አለብን። ይህ መመሪያም የሚያሳየው የመለያውን መንገድ ነው።

1. መጽሐፍ ምረጡ፣ ዘመኑንም እወቁ

ከአንድ መጽሐፍ ጀምሩ። ብዙዎቹ ዛሬ በነፃ ይገኛሉ። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ እና ዌልካም ኮሌክሽን የተባሉት ድረ ገጾች በሺህ የሚቆጠሩ ገጾችን አስቀምጠዋል። ስልክ ላይ ብታዩት ዝርዝሩ ያመልጣችኋል። ኮምፒውተር ወይም ታብሌት ይሻላል። ደብተርና እርሳስም አዘጋጁ።

ለጀማሪ ሁለት መጻሕፍት እመክራለሁ። አንዱ ጀርመናዊው ሐኪም ሌዮንሃርት ፉክስ በ1542 ባዝል ላይ ያሳተመው ነው። ከ500 በላይ ሥዕሎች አሉት፤ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። ሌላው የኤሊዛቤት ብላክዌል ነው፤ ከ1737 እስከ 1739 ለንደን ውስጥ ወጣ። ባሏ በዕዳ ታስሮ ነበር። እሱን ለማስፈታት ቼልሲ ከሚገኘው የመድኃኒት ተክሎች የአትክልት ቦታ እየሄደች ተክሎቹን ሣለች። ሥዕሉ የሚታተምበትን መዳብ ራሷ ቀረጸች፣ ቀለሙንም ራሷ ቀባች። በየሳምንቱ 4 ሥዕል፣ በድምሩ 500። ይህን ሳስብ ሥራዋን በአክብሮት ነው የምገልጠው።

ከመጀመራችሁ በፊት ደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ መቼ ተሠራ? የት ተሠራ? በእጅ የተጻፈ ነው ወይስ የታተመ? ዘመኑን ሳያውቁ ትርጉም መፈለግ ብዙ ሰው ያሳስታል። ወደዚህ በ6ኛው ደረጃ እመለስበታለሁ።

2. ጽሑፉን ሳታነቡ ተክሉን ብቻ እዩ

ዓይናችሁን ከሥሩ አስጀምሩ። እኛ ስናይ አበባው ላይ እንቸኩላለን። ለጥንቱ ሐኪም ግን መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ሥሩ ውስጥ ነበር። ግሪኮች መድኃኒት ለቃሚዎቹን «ሥር ቆራጮች» ይሏቸው ነበር። እኛ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ሥሩ በጥንቃቄ ተሥሎ አበባው ችላ ከተባለ አትገረሙ። መጽሐፉ ለማን እንደተሠራ እየነገራችሁ ነው።

ከዚያ ግንዱን፣ ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን በቅደም ተከተል እዩ። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ አንድ ተክል ነው ወይስ ብዙ?

ልዩነቱን ለማየት ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን ክፈቱ። ኦቶ ብሩንፌልስ ከ1530 ጀምሮ ሽትራስቡርግ ላይ ያሳተመውን ሥራ ሃንስ ቫይዲትስ ነው የሣለለት። ቫይዲትስ የሣለው እፊቱ ያለውን አንዱን ተክል ነው። ቅጠሉ ጠውልጎ ከተንጠለጠለ እንደተንጠለጠለ ሣለው። ግንዱ ከተሰበረ እንደተሰበረ። ትል የበላው ቀዳዳ እንኳ አልቀረም። ይህ የዓይን ሥዕል ነው።

ፉክስ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። የእሱ ተክል ጤናማና ሙሉ ነው። በተፈጥሮ አብረው የማይታዩ ነገሮች አብረው ይታያሉ፤ አበባና የበሰለ ፍሬ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ። አንድ ገጽ ላይ ሳማ የሚመስል የማይለበልብ ተክል አለ። ከአንድ ሥር ነጭ፣ ቢጫና ሐምራዊ አበባ ያወጣል። ለማያውቅ ሰው ምሥጢር ያለው ሥዕል ይመስላል። ምሥጢር የለውም። ፉክስ ሦስቱን ዓይነት በአንድ ሥዕል ማስተማር ፈልጎ ነው። በመግቢያውም ሠዓሊዎቹ በጥላና በማሳመሪያ የተክሉን ቅርጽ እንዳያበላሹ እንደተቆጣጠራቸው ይናገራል።

የፉክስን መጽሐፍ መጨረሻ ሳታዩ አትዝጉት። ተክሉን የሣለው፣ ሥዕሉን ወደ እንጨት የገለበጠው እና እንጨቱን የቀረጸው ሦስቱም መልካቸው ከነስማቸው ታትሟል፦ አልብሬኽት ማየር፣ ሃይንሪኽ ፉልማውረር፣ ፋይት ሩዶልፍ ሽፔክሌ። በዚያ ዘመን ለእጅ ባለሙያ ይህን ያህል ክብር መስጠት ብርቅ ነው።

ስለ ቀለም አጭር ማስጠንቀቂያ፦ ከመዳብ የተሠራ አረንጓዴ ቀለም ከጊዜ ብዛት ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ወረቀቱንም ይበላል። ቡናማ ቅጠል ስታዩ «የደረቀ ተክል ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ።

3. ከተክሉ ጎን የቆመውን ፍጥረት ጠይቁ

እባብ፣ ጊንጥ፣ ውሻ፣ አንዳንዴም ሰው ታገኛላችሁ። እነዚህ ጌጥ አይደሉም። እንደ ምልክት ሰሌዳ ናቸው። ማንበብ ለማይችል ወይም ለቸኮለ ሰው ተክሉ ለምን እንደሚውል ይነግራሉ። ከቅጠሉ ሥር ጊንጥ ካለ ተክሉ ለጊንጥ ንክሻ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። እባብም እንዲሁ። እባብ ሲታይ ወዲያው «ሰይጣን» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በዕፅ መጽሐፍ ውስጥ እባብ አብዛኛውን ጊዜ እባብ ብቻ ነው።

የውሻው ታሪክ ግን ረዘም ይላል፤ ማንድራጎራ ከሚባለው ተክል ጋር የተያያዘ ነው። በሜዲትራንያን ዙሪያ ይበቅላል። ቅጠሉ መሬት ላይ የተነጠፈ፣ ሥሩ ወፍራምና ብዙ ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው። ለሁለት የተከፈለው ሥር ሁለት እግር ያለው ሰው ይመስላል። እስከዚህ ድረስ ዓይን ያየው ነው።

ሥሩ ብርቱ መድኃኒትም መርዝም ነው። ዲዮስቆሪደስ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሰው በወይን ጠጅ ተዘጋጅቶ ይሰጥ እንደነበር ጽፏል። ዛሬ በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን እንዳሉበት እናውቃለን። ስለዚህ ሰዎች ቢፈሩት ተገቢ ነበር።

አሁን ወደ ጆሮ እንሂድ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በ1ኛው ክፍለ ዘመን «ባአራስ» ስለሚባል ሥር ጽፏል። የነካው ይሞታል ይላል። ስለዚህ ዙሪያውን ይቆፍሩና ውሻ ያስሩበታል። ሰውየው ሲሄድ ውሻው ጌታውን ሊከተል ሲስብ ሥሩ ይነቀላል። ውሻው እዚያው ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሥሩን መያዝ አያስፈራም። ዮሴፍ የሚያወራው ስለ ሌላ ሥር ቢመስልም ታሪኩ ማንድራጎራ ላይ ተለጠፈ። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ሌላ ተጨመረበት፦ ሥሩ ሲነቀል ይጮኻል፣ ጩኸቱን የሰማ ይሞታል። በዮሴፍ ታሪክ ውስጥ ጩኸት የለም። እንዲህ ነው ተረት በተረት ላይ የሚደራረበው። እኔ እንደሚመስለኝ ሥር ሻጮቹም ወሬው እንዲቆም አልፈለጉም። የሚያስፈራ ሥር ዋጋው ይወደዳል።

በኋላ ዘመን ሥዕሎች ማንድራጎራ ሴትና ወንድ ሆኖ ይመጣል። ጢም ያለው፣ ጡት ያላት፣ ፀጉራቸው ቅጠል የሆነ። እንግሊዛዊው ጆን ጄራርድ በ1597 ባሳተመው የዕፅ መጽሐፍ ይህን ሁሉ የአሮጊት ተረት ነው ብሎ ውድቅ አደረገው። እሱና አገልጋዮቹ ብዙ ማንድራጎራ ቆፍረው ተክለው እንደነበር፣ አንዱም ሰው ሆኖ እንዳላገኙት ጻፈ። ግን ይኸው ጄራርድ በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ዝይ የሚያፈራ ዛፍ አስቀምጧል። በዓይኔ አየሁ ብሎ ምሏል ማለት ይቻላል። አንድ ሰው አንዱን ተረት ጥሎ ሌላውን ሊያቅፍ ይችላል። ስለዚህ ደራሲውን በጅምላ አትመኑት፣ በጅምላም አትጣሉት። ገጽ በገጽ መዝኑት።

ለኛ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ዘፍጥረት 30 ላይ ሮቤል ከእርሻ ለእናቱ ለልያ ያመጣው፣ ራሔልም የተመኘችው ፍሬ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እንኮይ» ተብሏል። ዕብራይስጡ «ዱዳኢም» ይለዋል፤ ብዙ የውጭ ተርጓሚዎች ማንድራጎራ ብለውታል። የኛ ተርጓሚ በአገሩ የሚታወቅ ፍሬ መረጠ። ሠዓሊዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የማያውቁትን ተክል በሚያውቁት ይተኩታል።

4. ሥዕሉ የሥዕል ቅጂ መሆኑን አረጋግጡ

የ1ኛው ክፍለ ዘመን ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ይህን ችግር ቀድሞ አይቶታል። ክራቴውያስ የተባለውን ሐኪምና ሌሎች ተክልን በቀለም የሣሉ ሰዎችን ካነሳ በኋላ ሥዕል ያሳስታል ይላል። ቀለሙ ብዙ ነው፣ ገልባጮቹ አይጠነቀቁም፣ ተክሉም እንደ ወቅቱ መልኩን ይለውጣል። ከሱ በኋላ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል የሆነው ይኸው ነው። አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ ቅጠሉ ግራና ቀኝ እኩል ሆነ፣ አበባው ኮከብ መሰለ፣ ሥሩ ክር ሆነ።

የቅጂ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ተክሉ እንደ ጥልፍ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ግልጽ አይደለም። ያው ሥዕል በሌላ መጽሐፍ ፊቱን አዙሮ ይገኛል፤ ይህ የሚሆነው ቀራጩ የታተመውን ሥዕል እንዳለ እንጨት ላይ ሲቀርጸው ነው። ሲታተም ይገለበጣል።

የተቀረጸው እንጨት ራሱም ይሸጥ፣ ይከራይ ነበር። በጄራርድ መጽሐፍ ካሉት ወደ 1800 ከሚጠጉ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከፍራንክፈርት የመጡ፣ ቀደም ሲል ለሌላ መጽሐፍ ያገለገሉ እንጨቶች ናቸው። አዲስ ከተጨመሩት ጥቂቶች አንዱ ድንች ነው። በመግቢያው ሥዕል ጄራርድ በእጁ የያዘው የድንች አበባ ነው። ከእንግዳ አገር የመጣ ተክል ስለነበር ይኮራበት ነበር።

5. ስሙን ከሥዕሉ ለይታችሁ መርምሩ

ፉክስ በቆሎን ሥሎ «የቱርክ እህል» አለው። በቆሎ ግን ከአሜሪካ የመጣ ነው። ሚጥሚጣና ቃሪያ የሚገኙበትን የበርበሬ ዘርም ሥሎ «የካሊከት በርበሬ» ብሎታል፤ ከሕንድ የመጣ መስሎት። እሱም ከአሜሪካ ነው። ሥዕሎቹ ትክክል ናቸው። ስሞቹ ግን ወሬ ይዘዋል።

እኛም ዘንድ አለ። በአንዳንድ የሰሜን አካባቢዎች በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይሉታል። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ማሽላ የሚመስል ማለት ነው። በአንድ ስም ውስጥ ዓይንና ጆሮ ተጣምረዋል።

በብሩንፌልስ መጽሐፍ ደግሞ የተገላቢጦሹን ታያላችሁ። ፑልሳቲላ የተባለችው ደወል መሳይ አበባ የጥንት ሊቃውንት ያልጻፉላት፣ የታወቀ የላቲን ስም የሌላት ነበረች። ብሩንፌልስ እንዲህ ያሉትን «ራቁት ዕፆች» ብሎ ከማስገባት አመነታ። ቫይዲትስ ግን ጸጉራም ግንዷን፣ ያጎነበሰ አበባዋን አሳምሮ ሣላት። ዛሬ ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የምትወደደው እሷ ናት።

6. አሁን ስለ አበባ ትርጉም መጠየቅ ትችላላችሁ

ሰው ሁሉ ከዚህ ደረጃ መጀመር ይፈልጋል። እኔ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። ኢንተርኔት ላይ «ይህ አበባ ይህን ማለት ነው» የሚሉ ዝርዝሮች ሞልተዋል። አብዛኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልጆች ናቸው። በ1819 ፓሪስ ላይ ሻርሎት ደ ላቱር በሚል የብዕር ስም የወጣ የአበባ ቋንቋ መጽሐፍ ፋሽኑን አስፋፋው። የ1819ን መዝገበ ቃላት ይዞ የ1542ን ሥዕል መፍታት አይቻልም።

ነጭ ሊሊን ውሰዱ። ገብርኤል ማርያምን ሲያበሥር በሚያሳዩ የአውሮፓ ሥዕሎች ውስጥ ሊሊ ንጽሕናዋን ያሳያል። ይህ እርግጥ ነው። በዲዮስቆሪደስ መጽሐፍ ግን ያው ሊሊ የቃጠሎና የእባብ ንክሻ መድኃኒት ነው። የዕፅ መጽሐፍ ውስጥ ስታገኙት መጀመሪያ የምታስቡት ቃጠሎን ይሁን። ሌላ ምልክት ካለ ብቻ ወደ ማርያም ሂዱ።

የምልክት አበቦች እውነተኛ ቤታቸው ሌላ ቦታ ነው፤ የጸሎት መጻሕፍት ዳርቻና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች። ዣን ቡርዲሾን ከ1503 እስከ 1508 ገደማ ለፈረንሳይ ንግሥት ለብሪታኒዋ አን የሠራው የጸሎት መጽሐፍ በየገጹ ዳር ከ300 በላይ ተክሎች አሉት፤ ስማቸው በላቲንና በፈረንሳይኛ ተጽፏል። ጸሎትም ነው፣ የዕፅ መጽሐፍም ሊባል ይችላል።

ከሁሉ በላይ እንድታዩት የምመክረው ግን ፍሎረንስ በኡፊዚ ሙዚየም ያለውን የፍሌሚሹን (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) ሠዓሊ የሁጎ ቫን ደር ጉስን የልደት ሥዕል ነው፤ በ1475 ገደማ ተሣለ። ሕፃኑ መሬት ላይ ተኝቷል። ፊት ለፊት ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንዱ የመድኃኒት ቀማሚዎች ማስቀመጫ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ሊሊና አይሪስ ይዟል። አይሪስ ቅጠሉ ሰይፍ ስለሚመስል የማርያምን ኀዘን ያስታውሳል። ሌላው ብርጭቆ ነው፤ ኮለምባይን የሚባል አበባ አለበት። ስሙ ከላቲኑ «ርግብ» ይወጣል፤ የአበባው ቅርጽም ተሰብስበው የተቀመጡ ርግቦች ይመስላል። ስለዚህ መንፈስ ቅዱስን ያመለክታል። መድኃኒት የሚቀመጥበት ዕቃ የመድኃኔዓለምን ልደት አበባ ይዞ መቆሙን ልብ በሉ።

በወርኃ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ማኅሌቱ እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰለ ያድራል። ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኛ ጽጌ የራሱ ዜማና የራሱ ምሥጢር አለው። የፍሌሚሹን ሥዕል በሱ ለመፍታት አትሞክሩ። ስሜቱን እንጂ መዝገበ ቃላቱን አይሰጣችሁም።

7. «መልኩ መድኃኒቱን ይናገራል» የሚለውን አስተሳሰብ ለዩት

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ፓራሴልሰስና ተከታዮቹ እግዚአብሔር በእያንዳንዱ ተክል ላይ ምልክት አኑሯል ይሉ ነበር። ነጠብጣብ ያለበት የፑልሞናሪያ ቅጠል ሳንባ ስለሚመስል ለሳንባ፣ ዋልነት አንጎል ስለሚመስል ለራስ። ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ በ1588 ኔፕልስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ተክሉን ከሚመስለው የሰውነት ክፍል ወይም እንስሳ ጋር አንድ ገጽ ላይ ሣለ። ጠማማ ፍሬና የጊንጥ ጅራት ጎን ለጎን። እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥማችሁ ሠዓሊው ተመሳሳይነቱን አጋንኖ እንደሆነ ከእውነተኛው ተክል ፎቶ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ አጋንኗል።

8. በምታውቁት ተክል ተለማመዱ፦ ኮሶ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ እዚያው ጎንደር ሞቶ ቀረ። ብሩስ በ1790 ኤዲንብራ ላይ ስለ ጉዞው ባሳተማቸው ጥራዞች ለባሉጋኒ የሚገባውን ምስጋና አልሰጠውም። ይህ ያሳዝነኛል። የባሉጋኒ የተክል ሥዕሎች ዛሬ በየል የብሪታኒያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

አምስተኛው ጥራዝ ውስጥ ኮሶን ፈልጉ። ከዚያ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። ስሙን እዩ፦ ብሩስ ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንክሲያ አቢሲኒካ» አለው። ስሙ ግን ቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። ዛሬ ሳይንሱ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ይለዋል፤ ሃገን ለተባለ ጀርመናዊ መታሰቢያ። በሁለቱም ውስጥ «ኮሶ» የለም። ከዚያ ብሩስ ስለ አጠቃቀሙ የጻፈውን አንብቡና ከቤታችሁ ሽማግሌዎች ጠይቁ። ጥሬ ሥጋ፣ የኮሶ ትል፣ ያ የማይረሳ ምሬት። እነሱ ከቀመሱት ውስጥ እሱ የሰማው ስንቱን ነው? ጠይቁ እንጂ አትሞክሩት። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ለዓይንም ለሕይወትም አደገኛ ነው።

መጨረሻ ላይ ሥዕሉን አትማችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ወደ ዛፉ ሂዱ። ደጋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ለንደን ያላችሁ ደግሞ የብላክዌልን አንድ ገጽ ይዛችሁ ቼልሲ ሂዱ፤ የአትክልት ቦታው ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ነው። ቀላ ያለው የተንዠረገገ አበባ የሴቴው ነው፤ መድኃኒቱም እሱ ነው። ከዛፉ ሥር ቆማችሁ ሥዕሉ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ እዩና ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።